ኢሽ ስሚዝ

ኢሽ ስሚዝ (ሙሉ ስም፦ ኢሽሜል ላሪ ስሚዝ፤ የተወለደው ጁላይ 5 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ማለትም ሰኔ 28 ቀን 1980 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። የተጫወተው ፖይንት ጋርድ በሚባለው፣ ኳስ ይዞ ወደፊት በሚያሻግረውና የቡድኑን ጨዋታ በሚመራው ቦታ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካው የኤንቢኤ ሊግ ታሪክ ለ13 የተለያዩ ክለቦች በመሰለፍ ክብረ ወሰን ይዟል። ሊጉ በአጠቃላይ 30 ክለቦች ያሉት በመሆኑ ስሚዝ ከሲሶው በላይ የሆኑትን ማልያ ለብሷል ማለት ነው። በ2010 በተካሄደው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ማንም ክለብ ስሙን ሳይጠራው ቢቀርም ከአስር ዓመት በላይ በሊጉ ቆይቷል፤ በ2023 ደግሞ ከዴንቨር ነጌትስ ጋር የሻምፒዮንነት ቀለበት አግኝቷል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አጠቃላይ መረጃ

የትውልድ ቦታ፦ ሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አሜሪካ
ቁመት፦ 1.83 ሜትር
የጨዋታ ቦታ፦ ፖይንት ጋርድ
ኮሌጅ፦ ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ (2006–2010)
የኤንቢኤ ድራፍት፦ 2010፣ ያልተመረጠ
ሻምፒዮን፦ 2023 (ዴንቨር ነጌትስ)

የተጫወተባቸው ክለቦች በጊዜ ቅደም ተከተል

2010–11፦ ሂውስተን ሮኬትስ፣ ሜምፊስ ግሪዝሊስ
2011–12፦ ጎልደን ስቴት ዎሪየርስ፣ ኦርላንዶ ማጂክ
2012–13፦ ኦርላንዶ ማጂክ፣ ሚልዋኪ በክስ
2013–14፦ ፊኒክስ ሰንስ
2014–15፦ ሂውስተን ሮኬትስ (ለሁለተኛ ጊዜ)፣ ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር፣ ፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ
2015–16፦ ኒው ኦርሊንስ ፔሊካንስ፣ ፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ (ለሁለተኛ ጊዜ)
2016–19፦ ዲትሮይት ፒስተንስ
2019–21፦ ዋሽንግተን ዊዛርድስ
2021–22፦ ሻርሎት ሆርኔትስ፣ ዋሽንግተን ዊዛርድስ (ለሁለተኛ ጊዜ)
2022–23፦ ዴንቨር ነጌትስ
2023–24፦ ሻርሎት ሆርኔትስ (ለሁለተኛ ጊዜ)

የመጀመሪያ ሕይወትና የኮሌጅ ዘመን

ስሚዝ የተወለደው በሻርሎት ከተማ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለው ከሻርሎት አጠገብ በምትገኘው ኮንኮርድ፣ በሴንትራል ካባረስ ትምህርት ቤት ነው። በ2006 ወደ ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በፖይንት ጋርድ ቦታ ታዋቂ ስሞችን ያፈራ ነው። በኤንቢኤ ታሪክ በቁመት ከሁሉም አጭሩ የሆነው ማግሲ ቦግስ በ1980ዎቹ፣ ክሪስ ፖል ደግሞ ስሚዝ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተጫውተውበታል። ስሚዝ ራሱም ለሁለት ዓመት ከጄፍ ቲግ ጋር አብሮ ተሰልፏል።

ስሚዝን ወደ ዩኒቨርሲቲው ያመጣው አሰልጣኝ ስኪፕ ፕሮሰር በጁላይ 2007 በድንገት ስላረፈ፣ ቀሪዎቹን ሦስት ዓመታት የተጫወተው በምክትሉ በዲኖ ጋውዲዮ ሥር ነው። ቡድኑ በጃንዋሪ 2009 በአገር አቀፉ የኮሌጆች ደረጃ አንደኛ እስከመሆን ደርሶ ነበር።

የስሚዝ የኮሌጅ ዘመን በጣም የሚታወሰው በመጨረሻው ወር ነው። በማርች 2010 በተካሄደው የኮሌጆች አገር አቀፍ ውድድር ዌክ ፎረስት ከቴክሳስ ጋር ተገናኝቶ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት አመራ። ሊጠናቀቅ 1.3 ሰከንድ ሲቀረው ስሚዝ የወረወረው ኳስ ገባና ዌክ ፎረስት 81 ለ 80 አሸነፈ። በቀጣዩ ጨዋታ ግን ኬንታኪ 90 ለ 60 በሆነ ሰፊ ልዩነት ከውድድሩ አስወጣው። የኬንታኪ ፖይንት ጋርድ በዚያው ዓመት በድራፍት አንደኛ የተመረጠው ጆን ዎል ነበር።

ስሚዝ ዩኒቨርሲቲውን ሲለቅ በአሲስት፣ ማለትም ለነጥብ በበቃ ቅብብል፣ በተቋሙ ታሪክ ከቦግስ ቀጥሎ ሁለተኛ ነበር። ከ1,000 በላይ ነጥብና ከ600 በላይ አሲስት በአንድ ላይ በማስመዝገብም የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ተጫዋች ሆኗል።

ያልተመረጠ ተጫዋች

የኤንቢኤ ድራፍት በየዓመቱ በሁለት ዙር 60 ያህል አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመረጡበት ሥነ ሥርዓት ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች ክፍያው በሊጉ ሠንጠረዥ የተወሰነ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ዋስትና ያለው ውል ያገኛል። ያልተመረጠ ተጫዋች በአንጻሩ ከማንኛውም ክለብ ጋር የመደራደር ነጻነት ቢኖረውም፣ ክለቡ ሊያሰናብተው ሲፈልግ የሚያጣው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ ቦታው አይረጋም። ይህ የመነሻ ልዩነት ከሜዳ ውጪ የሚታይ ነገር ቢመስልም የተጫዋቹን ዕድሜ በእጅጉ ይወስናል። በከፍተኛ ቁጥር የተመረጠ ወጣት ሲሳሳት ክለቡ ያወጣበትን ዋጋ አስቦ ይታገሠዋል፤ ያልተመረጠው ግን በጥቂት ደቂቃዎች ራሱን ማሳየት አለበት።

የ2010ው ድራፍት አልፎ ስሙ ያልተጠራው ስሚዝ ከሂውስተን ሮኬትስ ጋር ተፈራረመና በዚያው መጸው የኤንቢኤ ተጫዋች ሆነ።

ሙያዊ ጉዞ

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት (2010–2013)

ስሚዝ በሂውስተን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን እንኳ አልቆየም። በፌብሩዋሪ 2011፣ የዝውውር ጊዜው በሚዘጋበት ዕለት፣ ከአንጋፋው ሼን ባቲየር ጋር ወደ ሜምፊስ ግሪዝሊስ ተላከ፤ ሂውስተን በምትኩ ሐሺም ታቢትን፣ ደማሬ ካሮልንና የመጀመሪያ ዙር የምርጫ መብት አገኘ። የልውውጡ ዋና ሰው ባቲየር ሲሆን ስሚዝ ተጨማሪ ነበር። በዚያው ወቅት ሜምፊስ ስምንተኛ ሆኖ ወደ ፕሌይኦፍ ከገባ በኋላ አንደኛ የነበረውን ሳን አንቶኒዮ ስፐርስን 4 ለ 2 አሸንፎ ሊጉን አስገርሟል።

የ2011–12 የውድድር ዘመን በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል በተነሳ የውል ክርክር ዘግይቶ በዲሴምበር 25 ተጀመረና ወደ 66 ጨዋታዎች አጠረ። ስሚዝ በጎልደን ስቴት ዎሪየርስ ጀመረ። የክለቡ ፖይንት ጋርድ፣ እንደ እርሱ በሻርሎት ያደገው ስቴፈን ከሪ፣ በቁርጭምጭሚት ጉዳት ይቸገር ስለነበር ምትክ ተፈልጎ ነበር። ሆኖም ክለቡ ብዙም ሳይቆይ አሰናበተው፤ በፌብሩዋሪ 2012 ኦርላንዶ ማጂክ አስፈረመው። የኦርላንዶ አሰልጣኝ ስታን ቫን ገንዲ ነበር። ይህ ትውውቅ ከአራት ዓመት በኋላ ለስሚዝ ትልቅ ዋጋ ነበረው።

በፌብሩዋሪ 2013 ከጄ ጄ ሬዲክና ከጉስታቮ አዮን ጋር ወደ ሚልዋኪ በክስ ተዘዋወረ። ኦርላንዶ በምትኩ ቶቢያስ ሃሪስን፣ ዶሮን ላምብንና ቤኖ ኡድሪህን ተቀበለ። አሁንም ዋናው ተፈላጊ ሌላ ሰው፣ ሬዲክ፣ ነበር። ሚልዋኪ ብራንደን ጄኒንግስና ሞንታ ኤሊስ የተባሉ ሁለት ዋና ጋርዶች ስለነበሩት ለስሚዝ የቀረው ደቂቃ ጥቂት ነበር።

ፊኒክስ (2013–14)

በኦገስት 2013 ስሚዝና ዩክሬናዊው ስላቫ ክራቭትሶቭ በካሮን በትለር ተለውጠው ወደ ፊኒክስ ሰንስ ሄዱ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስድስተኛ ክለቡ መሆኑ ነው። ፊኒክስ በዚያ ዓመት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይሆናል ተብሎ ቢገመትም 48 ጨዋታ አሸንፎ በ34 ተሸነፈ፤ ወደ ፕሌይኦፍ ሳይገባ የቀረው ለጥቂት ነው። ስሚዝ ከጎራን ድራጊችና ከኤሪክ ብሌድሶ ጀርባ ይሰለፍ ነበር፤ ብሌድሶ በጉልበት ጉዳት ለረጅም ጊዜ ሲርቅ የእርሱ ድርሻ ጨመረ። ቢሆንም በ2014 በጋ ፊኒክስ አሰናበተው።

ሦስት ክለቦች በአንድ ወቅት (2014–15)

ይህ የውድድር ዘመን የተዘዋዋሪ ተጫዋችን ኑሮ በደንብ ያሳያል። ስሚዝ ወቅቱን በመጀመሪያው ክለቡ በሂውስተን ጀመረ። በዲሴምበር ተሰናበተና በኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ቦታ አገኘ። የክለቡ አሰልጣኝ ስኮት ብሩክስ፣ ዋናው ፖይንት ጋርድ ረስል ዌስትብሩክ፣ ምትኩ ደግሞ ሬጂ ጃክሰን ስለነበሩ ስሚዝ በወንበር ላይ ሦስተኛ ነበር።

የዝውውር ጊዜው በተዘጋበት በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2015 ኦክላሆማ ሬጂ ጃክሰንን ወደ ዲትሮይት ልኮ ዲ ጄ ኦገስቲንን አመጣ፤ በዚያው ዕለት ስሚዝን ወደ ኒው ኦርሊንስ ፔሊካንስ አሳለፈው። ኒው ኦርሊንስ አንድም ጨዋታ ሳያጫውተው አሰናበተው። ከዚያም ፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ ከተሰናባቾች ዝርዝር ላይ አነሳው።

ፊላደልፊያ በዚያ ዘመን ለወደፊት ምርጫዎች ሲል ሽንፈትን በትዕግሥት የሚቀበል ደካማ ቡድን ነበር። ለስሚዝ ግን የመጀመሪያው እውነተኛ ዕድል ይህ ሆነ። በ25 ጨዋታዎች በአማካይ 12 ነጥብና 6.1 አሲስት አስመዘገበ። አሰልጣኝ ብሬት ብራውንም ኳሱን ለእርሱ ሰጥቶ ቡድኑን እንዲመራ አደረገው።

ወደ ፊላደልፊያ መመለስ (2015–16)

ይህ ውጤት ቢኖርም በ2015 በጋ ፊላደልፊያ አላስቀረውም። ስሚዝ በዋሽንግተን ዊዛርድስ የዝግጅት ካምፕ ልምምድ አድርጎ ወቅቱ ሊጀመር ሲል ተሰናበተ፤ ወዲያውም ጋርዶቹ በጉዳት የተመናመኑበት ኒው ኦርሊንስ ወሰደው። ባለፈው ዓመት ሳያጫውተው ያሰናበተው ያው ክለብ ነው።

ፊላደልፊያ ያለ ደኅና ፖይንት ጋርድ ወቅቱን ሲጀምር የደረሰበት ውጤት ለታሪክ የሚጠቀስ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 31 ጨዋታዎች 30ውን ተሸነፈ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ወደ ክለቡ አመራር መጡና ከመጀመሪያ ውሳኔዎች አንዱ ስሚዝን መመለስ ሆነ። በዲሴምበር 24 ቀን 2015 ፊላደልፊያ ሁለት የሁለተኛ ዙር የምርጫ መብቶችን ለኒው ኦርሊንስ ሰጥቶ አስመጣው። ከጥቂት ወራት በፊት ያለ ክፍያ ሊያስቀረው ይችል ለነበረው ተጫዋች ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ቡድኑ የስሚዝ የቀድሞ ክለብ የሆነውን ፊኒክስን 111 ለ 104 አሸነፈ።

ፊላደልፊያ ወቅቱን የጨረሰው በ10 ድልና በ72 ሽንፈት ስለሆነ ስሚዝ ቡድኑን አዳነው ሊባል አይችልም። ሆኖም ከአሥሩ ድሎች ዘጠኙ የተገኙት እርሱ ከመጣ በኋላ ነው። በ50 ጨዋታዎች ያስመዘገበው አማካይ 14.7 ነጥብና 7 አሲስት የሙያ ዘመኑ ከፍተኛው ሆኖ ቆይቷል።

ዲትሮይት (2016–2019)

በጁላይ 2016 ስሚዝ ከዲትሮይት ፒስተንስ ጋር ለሦስት ዓመት የ18 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በ28 ዓመቱ ያገኘው የመጀመሪያው ረጅም ውል ነው። የዲትሮይት አሰልጣኝና የቅርጫት ኳስ ጉዳዮች ፕሬዚዳንት በኦርላንዶ ያሰለጠነው ስታን ቫን ገንዲ ነበር። ዋናው ፖይንት ጋርድ ደግሞ በኦክላሆማ ያውቀው የነበረው ሬጂ ጃክሰን ነው።

ጃክሰን በጉልበቱ ጉዳት ምክንያት የ2016–17ን ጅምር ስላላየ ስሚዝ የመጀመሪያዎቹን 21 ጨዋታዎች በቋሚነት ጀመረ። በቀጣዩ ወቅትም ጃክሰን በዲሴምበር መጨረሻ በቁርጭምጭሚቱ ሲጎዳ ቦታውን ወሰደ፤ በዚያ ዓመት ቡድኑ ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች አንድም አላመለጠውም። በ2018–19 ዲትሮይት ወደ ፕሌይኦፍ ገብቶ በመጀመሪያው ዙር በሚልዋኪ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በስድስት ዓመት ውስጥ በዘጠኝ ክለቦች የተዘዋወረው ስሚዝ ዲትሮይት ላይ ሦስት ሙሉ ወቅት በአንድ ማልያ ተጫወተ።

ዋሽንግተንና ሻርሎት (2019–2022)

በ2019 በጋ ስሚዝ ከዋሽንግተን ዊዛርድስ ጋር ለሁለት ዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ውል ተፈራረመ። አሰልጣኙ በኦክላሆማ ያሰለጠነው ስኮት ብሩክስ ነበር። ክለቡ ፖይንት ጋርድ የፈለገው ጆን ዎል በቁርጭምጭሚት ጅማት ጉዳት ሙሉውን ወቅት ስለማይጫወት ነው። በ2010 በኮሌጅ ውድድር የተገናኙት፣ አንደኛ የተመረጠውና ያልተመረጠው ሁለቱ ተጫዋቾች፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአንድ ክለብ ተገናኙ።

በጃንዋሪ 4 ቀን 2020 ስሚዝ በዴንቨር ነጌትስ ላይ 32 ነጥብ አስቆጠረ፤ ይህም በሙያ ዘመኑ በአንድ ጨዋታ ያስቆጠረው ከፍተኛው ነጥብ ነው። በቀጣዩ ወቅት ዋሽንግተን ዎልን ለሂውስተን ሰጥቶ ረስል ዌስትብሩክን ሲያመጣ ስሚዝ እንደ ኦክላሆማው ጊዜ የዌስትብሩክ ተጠባባቂ ሆነ። በ2021 ዋሽንግተን ፕሌይኦፍ ገብቶ በመጀመሪያው ዙር በፊላደልፊያ 4 ለ 1 ተሸነፈ።

በ2021 በጋ ስሚዝ ለትውልድ ከተማው ክለብ ለሻርሎት ሆርኔትስ ፈረመ። ይህ 12ኛ ክለቡ ስለሆነ ነባሩን ክብረ ወሰን ተጋራ። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2022 ግን ሻርሎት ሞንትሬዝል ሃረልን ለማግኘት ስሚዝንና ቨርነን ኬሪን ወደ ዋሽንግተን ላከ።

ዴንቨርና ሻምፒዮንነት (2022–23)

በጁላይ 2022 ዋሽንግተን ስሚዝንና ኬንታቪየስ ካልድዌል-ፖፕን ለዴንቨር ነጌትስ ሰጥቶ ሞንቴ ሞሪስንና ዊል ባርተንን ወሰደ። ወቅቱ ተጀምሮ ስሚዝ ለዴንቨር ሲሰለፍ ለ13 ክለቦች የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በኒኮላ ዮኪችና በጀማል መሪ የሚመራው ዴንቨር በዚያ ወቅት ጠንካራ ነበር። ስሚዝ ግን ተጠባባቂ ሲሆን በፌብሩዋሪ 2023 ሬጂ ጃክሰን ደግሞ ወደ ቡድኑ ሲመጣ ከኦክላሆማና ከዲትሮይት ቀጥሎ ለሦስተኛ ጊዜ አብረው ሆኑ። በፕሌይኦፍ የስሚዝ የሜዳ ደቂቃዎች በጣም ጥቂት ነበሩ። ጁን 12 ቀን 2023 ዴንቨር ማያሚ ሂትን 94 ለ 89 አሸንፎ የፍጻሜውን ውድድር 4 ለ 1 ሲያጠናቅቅ ክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያውን የኤንቢኤ ዋንጫ አነሳ። ስሚዝም በ13ኛው ወቅቱ፣ በ13ኛው ክለቡ ሻምፒዮን ሆነ።

በ2023–24 የውድድር ዘመን ወደ ሻርሎት ሆርኔትስ ተመልሶ ተጫውቷል። የክለቡ ፖይንት ጋርድ ላሜሎ ቦል በዚያ ዓመት በጉዳት አብዛኛውን ጨዋታ አምልጦት ነበር።

የአጨዋወት ስልት

የስሚዝ ዋና መሣሪያ ፍጥነቱ ነው። ኳስ ከተከላካይ ቅርጫት ሥር ተቀብሎ ተጋጣሚው ሳይደራጅ ወደፊት ይሮጣል፤ ሰው ሲሰበሰብበት ለባልደረባው ያቀብላል ወይም ከመካከለኛ ርቀት ቆም ብሎ ይወረውራል። ጨዋታው ሲፈዝ ቶሎ ገብቶ ፍጥነት የሚጨምር ሰው ለአሰልጣኝ ይጠቅማል፤ ተጠባባቂ ሆኖ ብዙ ዓመት የቆየበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ድክመቱ የባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ ነበር። እርሱ በተጫወተበት ዘመን የኤንቢኤ ቡድኖች ከሩቅ የሚወረውሩትን ኳስ በየዓመቱ እያበዙ ሄዱ። ከሩቅ የማያስፈራን ጋርድ ተከላካዮች ርቀው ይጠብቁታል፤ ይህም ለባልደረቦቹ የሚተርፈውን ቦታ ያጠባል። ቁመቱም በሊጉ አማካይ ሲለካ አጭር ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ እንዳይዘልቅ አድርገውታል፤ ፍጥነቱና ኳስ አያያዙ ደግሞ ከሊጉ እንዳይወጣ አድርገውታል።

የተዘዋዋሪ ተጫዋች ኑሮ ከሊጉ ደንብ ጋር

በእንግሊዝኛ ጆርኒማን የሚባለው ተዘዋዋሪ ተጫዋች የሚፈጠረው በችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም። ችሎታ የሌለው ሰው በአንድና በሁለት ክለብ ጉዞው ያበቃል፤ ለ13 ክለብ የሚደርሰው ተደጋግሞ የሚፈለግ ነው። መፈለጉን ደግሞ የሊጉ ደንቦች ይቀርጹታል።

አንደኛው ልውውጥ ነው። በኤንቢኤ ክለቦች ተጫዋችን በብዛት የሚያዘዋውሩት በገንዘብ ሽያጭ ሳይሆን በሌላ ተጫዋች ወይም በምርጫ መብት ለውጠው ነው። ከደመወዝ ጣሪያው በላይ የሚከፍሉ ክለቦች የሚሰጡትና የሚቀበሉት ደመወዝ እንዲቀራረብ ይገደዳሉ። ስለዚህ ትልቅ ስም ያለው ተጫዋች ሲሄድ መጠነኛ ደመወዝ ያለው ሌላ ሰው ሂሳቡን ለማሟላት አብሮ ይሄዳል። ስሚዝ ከባቲየር፣ ከሬዲክና ከካልድዌል-ፖፕ ጋር የተጓዘው በዚህ ሁኔታ ነው። በጠቅላላው ከላይ የተዘረዘሩት ልውውጦች ሰባት ናቸው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን ልውውጥ እምቢ የማለት መብት የላቸውም።

ሁለተኛው ስንብት ነው። የተሰናበተ ተጫዋች ለ48 ሰዓት በተሰናባቾች ዝርዝር ላይ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ማንኛውም ሌላ ክለብ ውሉን እንዳለ ተቀብሎ ሊወስደው ይችላል። ማንም ካልወሰደው ነጻ ይሆናል። ዋስትና ያልተሰጣቸው ውሎች በሙሉ በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ስለሚጸኑ ዲሴምበር ለተጠባባቂዎች የሥጋት ወር ነው። ከጃንዋሪ 5 ጀምሮ ደግሞ ክለቦች የአሥር ቀን ውል ማስፈረም ይችላሉ፤ አንድን ተጫዋች በአንድ ወቅት ከሁለት ጊዜ በላይ በዚህ ዓይነት ውል ማቆየት አይፈቀድም።

ሦስተኛው የሌሎች ጉዳት ነው። በዋናው ተጫዋች ላይ የሚደርስ ጉዳት ለተጠባባቂው ሥራ ነው። ከከሪ፣ ከብሌድሶ፣ ከጃክሰንና ከዎል ጉዳት ጋር የስሚዝ ዕድል መከፈቱን ከላይ ያለው ታሪክ ያሳያል። የተጎዳው ሲድን በሩ መልሶ ሊዘጋ ይችላል።

አራተኛው ትውውቅ ነው። ቫን ገንዲ፣ ብሩክስና ብራውን ስሚዝን ሁለት ሁለት ጊዜ አሰልጥነውታል፤ ከሂውስተን፣ ከፊላደልፊያ፣ ከዋሽንግተንና ከሻርሎት እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ተጫውቶባቸዋል። አራት ክለቦች ያሰናበቱትን ወይም የለወጡትን ሰው መልሰው መቀበላቸው ሲለያዩ በመልካም መለያየቱን ያመለክታል። ለተዘዋዋሪ ተጫዋች መልካም ስም እንደ ስንቅ ነው።

ክብረ ወሰኑ እንዴት ይቆጠራል?

ቁጥሩ የሚያካትተው ተጫዋቹ በመደበኛው የውድድር ዘመን በጨዋታ የተሰለፈባቸውን ክለቦች ብቻ ነው። ስሚዝ በ2015 በዋሽንግተን ካምፕ ያሳለፈው ጊዜና በፌብሩዋሪ 2015 በኒው ኦርሊንስ ወረቀት ላይ የነበረባቸው ቀናት በራሳቸው አይቆጠሩም፤ ሁለቱ ክለቦች የተቆጠሩት በኋላ ስለተጫወተባቸው ነው። አንድ ክለብ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። እያንዳንዱ ቆይታ ለየብቻው ቢቆጠር ግን የስሚዝ ቁጥር 17 ይደርስ ነበር። ክለብ ከተማና ስም ቢቀይርም እንደ አዲስ አይታይም፤ ለምሳሌ ሲያትል ሱፐርሶኒክስና ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር አንድ ክለብ ናቸው።

ከስሚዝ በፊት ክብረ ወሰኑን በ12 ክለቦች የያዙት አራት ተጫዋቾች ነበሩ፦

ቸኪ ብራውን፦ በ1989 በሁለተኛው ዙር የተመረጠ፤ በ1995 ከሂውስተን ጋር ሻምፒዮን ሆኗል።
ቶኒ ማሰንበርግ፦ በ1990 በሳን አንቶኒዮ ጀምሮ ብዙ ክለቦች ዞሮ በ2005 እዚያው ሳን አንቶኒዮ ላይ ሻምፒዮን በመሆን አጠናቋል።
ጂም ጃክሰን፦ በ1992 በአራተኛነት በዳላስ የተመረጠ።
ጆ ስሚዝ፦ በ1995 በአንደኛነት በጎልደን ስቴት የተመረጠ፤ ከኢሽ ስሚዝ ጋር ዝምድና የለውም።

አራቱም በድራፍት የተመረጡ ሲሆኑ ሁለቱ ከፍተኛ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶች ነበሩ። ክብረ ወሰኑን የሰበረው ግን ያልተመረጠው ነው። ሌላው ያልተመረጠ ፖይንት ጋርድ ኬቨን ኦሊ ለ11 ክለቦች ከተጫወተ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ በ2014 የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን ለአገር አቀፍ ዋንጫ አብቅቷል። በ2023 በዴንቨር ከስሚዝ ጋር ሻምፒዮን የሆነው ጄፍ ግሪንም በዚያን ጊዜ 11ኛ ክለቡ ላይ ነበር።